ጐል አግቢው ደጀን
የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ የሕይወት ታሪክ ባጭሩ

በደባርቅና በዳባት ኳስ የማይወድ ልጅ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ከሰሜን ተራራ የሚወርደው ብርድ ቢያንቀጠቅጠንም፣ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀን፣ ድንጋይ ለጐል አቁመን እስኪመሽ እንጫወታለን። ቡድን ስንመርጥ ሁሉም አጥቂ ልሁን ይላል እንጂ ወደ ኋላ ቀርቶ ደጀን ለመሆን የሚፈቅድ ጥቂት ነው። ወላጆቻችን ደግሞ ኳስን ጫማ የሚጨርስና ከጥናት የሚያዘናጋ የሥራ ፈት ጨዋታ አድርገው ይመለከቱታል። ስለዚህ በወጣትነታቸው ስመ ጥር ጐል አግቢ የነበሩትን፣ ኋላ ግን ለመላው አፍሪቃ ክብር ደጀን ሆነው የቆሙትን የአቶ ይድነቃቸው ተሰማን ታሪክ በዚህ መጽሔት ለመጻፍ ወደድሁ።

አቶ ይድነቃቸው በዕለተ ቅዱስ ዮሐንስ፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥማቸውና በዜማቸው የታወቁ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረፁ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ግን ስማቸውን ያስጠሩት በዜማ ሳይሆን በኳስ ነው።

በ1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የተባሉ ወጣቶች በአዲስ አበባ የቅዱስ ጊዮርጊስን ቡድን ሲያቋቁሙ፣ ይድነቃቸው ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን የፋሽስት ጦር አዲስ አበባ ገባ። ፋሽስቶቹም በቀለም ሕጋቸው ነጩንና ጥቁሩን በመኖሪያም፣ በትምህርትም፣ በጨዋታ ሜዳም ለያዩ፤ የቅዱስ ጊዮርጊስን ስም እንኳ ለውጠው ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር አሉት። ሰው በቆዳው ቀለም ምክንያት ሲገፋ ምን እንደሚመስል ይድነቃቸው በገዛ አገራቸው አዩ። ኋላ የሠሩት ሥራ ሥሩ ከዚህ ይጀምራል ቢባል ሐሰት አይሆንም።

አገር ነጻ ከወጣ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ውድድር ከኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና የእንግሊዝ ጦር ቡድን በአንድ ሜዳ ተሰለፉ። አቶ ይድነቃቸው ለአንድ ቡድን ብቻ 23 ዓመት ተጫውተው፣ በ365 ጨዋታ 318 ጐል አገቡ። ይህም በየ10 ጨዋታው ወደ 9 ጐል መሆኑ ነው። ለብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። ከዚህም በላይ የእግር ኳስ ፌዴሬሽናችንን ካቋቋሙት አንዱ ሲሆኑ፣ የጨዋታውንም ሕግ ወደ አማርኛ መልሰዋል።

በየካቲት ወር 1949 ዓ.ም. ግብጽ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪቃ የአፍሪቃን የእግር ኳስ ማኅበር ለመመሥረት በካርቱም ተሰበሰቡ። አቶ ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። በመጀመሪያው የአፍሪቃ ዋንጫ ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪቃ ጋር እንድትጫወት ተመድባ ነበር። ነገር ግን የደቡብ አፍሪቃ ሰዎች ወይ ነጮችን ብቻ፣ ወይ ጥቁሮችን ብቻ እናመጣለን እንጂ የተቀላቀለ ቡድን አናሰልፍም አሉ። በዚህም ከውድድሩ ተሰናበቱ። ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ ደርሳ በግብጽ 4 ለ 0 ተሸነፈች፤ የዘር ልዩነት ግን ከአፍሪቃ ሜዳ ወጣ።

ከአምስት ዓመት በኋላ ሦስተኛው ዋንጫ በአዲስ አበባ ተዘጋጀ። አሠልጣኙ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ቡድናችን ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፎ፣ የጥምቀት በዓል በዋለ በሦስተኛው ቀን፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ከግብጽ ጋር ገጠመ። ግብጾች ሁለት ጊዜ መሩ፤ ግርማ ተክሌና አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ሁለቱንም ጊዜ አቻ አደረጉ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አግብተው ጨዋታው 4 ለ 2 አለቀ፤ ዋንጫውም የኢትዮጵያ ሆነ።

አሁን ከሁሉ የከበደው ጉዳይ ይመጣል። ለ1958 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ ለአፍሪቃ አንድም የተለየ ቦታ አልተሰጠም፤ የአፍሪቃ አሸናፊ ከእስያ አሸናፊ ጋር ደግሞ እንዲጋጠም ተወሰነ። አቶ ይድነቃቸውና ጋናዊው ኦሄኔ ጃን ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው ብለው ተከራከሩ። ሰሚ ሲጠፋ 15ቱም የአፍሪቃ ቡድኖች ከማጣሪያው ወጡ። ከእነዚህ አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ልብ በል! አሠልጣኝ ሆኖ ዋንጫ የበላ ሰው፣ የገዛ አገሩ ቡድን በዓለም ፊት የሚታይበትን ዕድል ለሁሉም መብት ሲል አሳልፎ ሰጠ። ኢትዮጵያም እስከ ዛሬ የዓለም ዋንጫ አልደረሰችም። ነገር ግን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ በሚቀጥለው፣ በ1962ቱ የዓለም ዋንጫ ለአፍሪቃ አንድ ቦታ ተሰጣት፤ ሞሮኮም ሄደችበት። በ1974 ዓ.ም. ቦታው ሁለት ሆነና አልጄሪያና ካሜሩን ተካፈሉ።

አቶ ይድነቃቸው በ1964 ዓ.ም. የአፍሪቃ እግር ኳስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም በዚሁ ሥራ ቆዩ። የዓለም አቀፍ ኦሊምፒክ ኮሚቴም አባል ነበሩ። ደቡብ አፍሪቃ የዘር ሕጓን ሳትተው ወደ ዓለም ሜዳ እንዳትመለስ ባለማቋረጥ ታገሉ፤ በ1968 ዓ.ም. የዓለም እግር ኳስ ማኅበር ጨርሶ አባረራት። በመጨረሻ ዘመናቸውም፣ አፍሪቃ ምርጥ ተጫዋቾቿን ሁሉ ለአውሮፓ ከሸጠች ሜዳዋ ባዶ ይቀራል እያሉ ያስጠነቅቁ ነበር።

በዕንቍጣጣሽ የተወለዱት አቶ ይድነቃቸው በቡሄ ዕለት፣ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው ዐረፉ። ደቡብ አፍሪቃ ከዘር ሕግ ነጻ ወጥታ፣ ነጭና ጥቁር በአንድ ማሊያ አሰልፋ በ1988 ዓ.ም. የአፍሪቃን ዋንጫ ስትወስድ አላዩም። ለ2018ቱ የዓለም ዋንጫ የአፍሪቃ ቀጥተኛ ቦታ 9 መድረሱንም አላዩም። ዘሪው ሌላ፣ አጫጁ ሌላ ሆነ።

ወላጆቻችን ሆይ፣ ኳስ ሁልጊዜ የሥራ ፈት ጨዋታ እንዳልሆነ ከዚህ ታሪክ ተረዱልን፤ እኛም ጥናታችንን ሳንጐዳ እንጫወታለን። ውድ ጓደኞቼ፣ 318ቱን ጐል የሚያስታውሱ ዛሬ ጥቂቶች ናቸው፤ በደጀንነት የተከላከሉት መብት ግን እነሆ ለመላው አፍሪቃ ተርፏል። ነገ ሜዳ ላይ ቡድን ስንመርጥ ወደ ኋላ ቀርተህ ጠብቅ የተባለ ልጅ አይከፋው። ደካማ ነው፣ ወይም ከሌላ ሠፈር የመጣ ነው ተብሎ ከጨዋታ የሚገፋ ልጅ ስናይም፣ እርሱ ካልገባ አንጫወትም ለማለት እንድፈር።