የሙሎው ገበሬ፦ ብርጋዴር ዳንኤል ሳንፎርድ



ከመካነ ሰላም፣ ከወግዲና ከአጅባር የመጣን ተማሪዎች የአባይን በረሃ ከአፋፍ ቁልቁል እያየን ነው ያደግነው። ማዶው ጎጃም ነው። ዛሬ የምናነሳቸው ሰው በዚያ ማዶ ከአርበኞች ጋር የዘመቱ እንግሊዛዊ ናቸው። ሙስሊም አልነበሩም። ሕይወታቸው ግን አባቶቻችን ብዙ የተንገላቱበትን ጥያቄ ያስነሳልና ልናውቀው ይገባል፦ አገር የማን ነው?

ዳንኤል አርተር ሳንፎርድ እ.ኤ.አ. በ1882 በእንግሊዝ አገር ከቄስ ቤተሰብ ተወለዱ። በ18 ዓመታቸው የመድፈኛ መኮንን ሆኑ። እንግሊዝ ያን ጊዜ በዓለም ሰፊውን ቅኝ ግዛት የያዘች መንግሥት ነበረች። ወጣቱ መኮንንም በሕንድ፣ በኤደን፣ በኋላም በሱዳን አገለገሉ። ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት እ.ኤ.አ. በ1907 በአጼ ምኒልክ ዘመን ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ ተዋግተው ለጀግንነታቸው ተሸለሙ።

ከጦርነቱ በኋላ ከባለቤታቸው ከክሪስቲን ጋር አዲስ አበባ ገቡ። የመጡበት የንግድ ሥራ ግን አልሆነላቸውም። አገራቸው በመመለስ ፈንታ ከከተማዋ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ውሃው ወደ አባይ በሚወርደው በሙገር ሸለቆ አፋፍ ላይ፣ ሙሎ በሚባል ቦታ መሬት ይዘው እርሻ ጀመሩ። መድፍ ሲያስተኩስ የኖረ ሰው ዝናብ ሲጠብቅና ሰብል ሲያርም መዋል ጀመረ። ልጆቻቸውንም እዚያው አሳደጉ።

ጣሊያን ሲወር ሳንፎርድ በማጂ የአገረ ገዥው አማካሪ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1936 ቤተሰቡ እርሻውን ጥሎ ተሰደደ። ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ ግን የእንግሊዝ ጦር አገሩን የሚያውቅ ሰው ፈልጎ ጠራቸው። ሚሽን 101 የተባለውን ትንሽ የልዑካን ጓድ እንዲመሩ ተሰጣቸው። ስሙ የተወሰደው ከመድፍ ጥይት መለኮሻ ነበር፤ ሐሳቡም ትንሽ እሳት ትልቁን ያቀጣጥላል ነው።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1940 በክረምቱ ዝናብ ጥቂት ሰዎችና የጭነት እንስሳት ይዘው ወደ ጎጃም ገቡ። ዕድሜያቸው 58 ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ተወካይ አዛዥ ከበደ ተሰማም አብረዋቸው ነበሩ። ጎጃም ውስጥ ያገኙት ለዓመታት ሲዋጋ የኖረ አርበኛ ነው፤ ነገር ግን መሪዎቹ እርስ በርስ አይተማመኑም ነበር። ሳንፎርድ ከሁሉ አስቀድመው ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ተባብረው እንዲዋጉ ስምምነት ላይ እንዲደርሱ ረዱ። ማስታረቅን የሥራ መጀመሪያ ማድረጋቸውን እናስተውል።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ ድንበር ተሻገሩ። ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገቡ። ጦርነቱ ግን ገና አላለቀም ነበር። ከደብረ ማርቆስ ያፈገፈገው የኮሎኔል ማራቬንታኖ ጦር አባይን ተሻግሮ ወደ እኛ ደጋ ወጥቶ ነበር። ዊንጌት የመራው ጦርና አርበኞች ተከታትለውት ግንቦት ላይ በአጅባር እጁን ሰጠ። አብዛኛው በሺዎች የሚቆጠር ቅኝ ወታደር ነበር፤ ለባዕድ መንግሥት ሲል ከወገኑ የተዋጋ አፍሪካዊ።

ድል ሲገኝ ሌላ ፈተና መጣ። የእንግሊዝ ጦር ባለሥልጣናት ኢትዮጵያን እንደ ተያዘ ጠላት ግዛት በራሳቸው አስተዳደር ሥር ለማቆየት አሰቡ። ሳንፎርድ የእንግሊዝ መኮንን ሆነው ሳለ የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ ነበሩና የኢትዮጵያ ሉዓላዊነት እንዲከበር ቆሙ። በዚህም ከአገራቸው መኮንኖች ብዙ ወቀሳ ደረሰባቸው። በኋላ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትም አገልግለዋል። ሥልጣናቸው ሲያበቃ ወደ ለንደን አልሄዱም፤ ወደ ሙሎ እርሻቸው ተመለሱ። ባለቤታቸው የመሠረቱት ትምህርት ቤት ዛሬም በስማቸው ይጠራል። ሳንፎርድ እ.ኤ.አ. በ1972፣ 90 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ወራት ሲቀሩ አረፉ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። አንድ እንግሊዛዊ ሙሎ ላይ ገበሬ መሆን ሲችል፣ እዚሁ ተወልዶ እዚሁ የተቀበረ ሙስሊም በብዙ የሰሜን ደጋ አገሮች ርስት ተነፍጎ በጭሰኝነት፣ በሽመናና በንግድ ይኖር ነበር። በወሎ የራሳቸው መሬት የነበራቸው ሙስሊሞች ብዙ ናቸው። በሌላው ግን አገር የለህም የሚለው ተረት በሙስሊሙ ላይ ሕግ ሆኖ ኖሯል። ሳንፎርድ ካረፉ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሙ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የወጣው ለዚህ ነው። በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች ሳይሆን ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች እንባል አለ፤ ከጥያቄዎቹም አንዱ የመሬት ባለቤትነት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን ሁሉ የሕዝብ አደረገ። የሙሎም መሬት ከዚያ አልቀረም፤ ሙስሊሙ ጭሰኛም በዚያው አዋጅ የሚያርሰው መሬት ባለይዞታ ሆነ።

ይህን የምንለው ሳንፎርድን ለመንቀፍ አይደለም። በሩ የተከፈተላቸው በእሳቸው ጥፋት አልነበረም፤ በእኛ ላይ የተዘጋውም በእሳቸው እጅ አልነበረም። ከገቡ በኋላ ግን ያደረጉትን እንመዝን። መሬቱን አረሱ፣ የተጣላውን አስታረቁ፣ ያሳደጋቸው መንግሥትና ያስጠጋቸው አገር ሲጋጩ ከፍትሕ ጎን ቆሙ። አማና ማለት ይኸው ነው። ለእንግዳ የተከፈተ በር ለቤት ልጅ ሊዘጋ አይገባም ብለው አባቶቻችን ታገሉ፤ በሩ ሲከፈት ገብቶ መሥራት ደግሞ የእኛ ፋንታ ነው። ተመርቀን ወደ ቦረናና ወደ ሳይንት ስንመለስ አገሬ ነው የምንለውን መሬት በሥራችን እናሳየው።

አላህ የተማርነውን የምንሠራበት ያድርገን። አሚን።