ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስና የቀዶ ሕክምና አገልግሎት

ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ በ1920 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። በስኮትላንድ ኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው በቀዶ ሕክምና ሠለጠኑ፤ ወደ አገራቸውም ተመልሰው በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል አገለገሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ፋኩልቲን ከመሠረቱት አንዱ በመሆን በርካታ ሐኪሞችን አስተምረው በ1991 ዓ.ም. አረፉ።

በሙያ ዘመናቸው የአንጀት ቀዶ ሕክምና የሚከናወነው ሆድ ተከፍቶ ነበር። የትልቁ አንጀት ካንሰርን በላፓሮስኮፒ፣ ማለትም በትናንሽ ቀዳዳዎች በሚገባ ካሜራና መሣሪያ፣ ማውጣት የተጀመረው በ1980ዎቹ ዓ.ም. ነው። ይህ ዘዴ ሕመምን ይቀንሳል፤ የሆስፒታል ቆይታንም ያሳጥራል። ከካንሰሩ በመዳን ረገድ ግን የሁለቱ ውጤት ተቀራራቢ ነው።

ስለሆነም በሰገራው ደም ያየ የደሃና ወረዳ ነዋሪ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ሊቀርብ ይገባል፤ ላፓሮስኮፒን በመጠበቅም የፕሮፌሰር አሥራት ትውልድ ያስተማረውን ሕክምና ማዘግየት የለበትም።