ማሪያ ሞንቴሶሪ፦ ከተገፉት ሕፃናት የተማሩ መምህር

የማሪያ ሞንቴሶሪን ስም በብዙ መዋዕለ ሕፃናት በር ላይ ተጽፎ እናያለን። ሆኖም የትምህርት ዘዴያቸው መነሻ ማኅበረሰቡ የገፋቸው ሕፃናት እንደ ነበሩ ብዙዎቻችን አናስታውስም። ስለዚህ የሕይወት ታሪካቸውን በአጭሩ ልናቀርብላችሁ ወደድን።

ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1870 ዓ.ም. በኢጣልያ፣ በአንኮና አጠገብ በምትገኘው በኪያራቫሌ ከተማ ተወለዱ። ሕክምና ለሴት አይገባም በሚባልበት ዘመን በሮማ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1896 በሐኪምነት ተመረቁ።

በዩኒቨርሲቲው የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሲሠሩ፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሕፃናት ከአዋቂ ሕሙማን ጋር ተዘግቶባቸው ሲኖሩ አዩ። እነዚህ ሕፃናት ከመድኃኒት ይልቅ ትምህርት እንደሚያስፈልጋቸው ተረዱ። የፈረንሳውያኑን ሐኪሞች የኢታርንና የሴጋንን ሥራ መርምረው፣ በ1900 ከዶክተር ጁዜፔ ሞንቴሳኖ ጋር ለእነዚሁ ሕፃናት መምህራንን የሚያሠለጥን ተቋም በሮማ ይመሩ ጀመር። አይማሩም ከተባሉት ልጆች አንዳንዶቹ ማንበብና መጻፍ ተምረው የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን ፈተና አለፉ። ሰው ሁሉ በዚህ ሲደነቅ፣ እርሳቸው ግን ጤነኞቹን ልጆች ከዚህ ደረጃ እንዳያልፉ ያገዳቸው ምን ይሆን ብለው አሰቡ።

ይህ አሳብ በጥር ወር 1907 ሳን ሎሬንዞ ወደሚባለው የሮማ የድሆች ሠፈር አደረሳቸው። ወላጆቻቸው ለሥራ ሲወጡ ያለ ጠባቂ ይውሉ የነበሩ ሃምሳ ያህል ልጆች የተሰበሰቡበትን የሕፃናት ቤት በዚያ ከፈቱ። ወንበሩና ጠረጴዛው በልጆቹ ቁመት ልክ ተሠራ። በመጀመሪያ ለተገፉት ሕፃናት ታስበው የነበሩት በእጅ የሚዳሰሱ ፊደላትና የእንጨት መሣሪያዎች ለሁሉም ቀረቡ። ታናሹ ከታላቁ ጋር በአንድ ክፍል ተቀምጦ፣ እያንዳንዱ እንደ ዐቅሙ ይሠራ ነበር።

እኚህ ሴት የራሳቸውም ኀዘን ነበራቸው። በ1898 ከዶክተር ሞንቴሳኖ ያለ ጋብቻ የወለዱት ማሪዮ የተባለው ልጃቸው በገጠር በሌላ ቤተሰብ ዘንድ አደገ፤ ወደ እናቱም የተመለሰው ለአቅመ ወጣትነት ከደረሰ በኋላ ነው። ይህን ያነሣነው ልንፈርድባቸው አይደለም፤ ከልጅ መለየት ምን እንደሆነ በገዛ ሕይወታቸው ያወቁ መሆናቸውን ለማስታወስ እንጂ።

በኋላም በባርሴሎና ሕፃናት ሥርዓተ አምልኮን በእጃቸው እየሠሩ የሚማሩበት ክፍል እንዲዘጋጅ አደረጉ። ይህንኑ ፈለግ በመከተል ሶፊያ ካቫሌቲ በ1954 በሮማ የመልካሙ እረኛ ትምህርተ ክርስቶስ የሚባለውን ጀምረዋል። ሞንቴሶሪ ከሙሶሊኒ መንግሥት ጋር ባለመስማማታቸው በ1934 አገራቸውን ለቀቁ፤ ከ1939 እስከ 1946 በሕንድ መምህራንን አሠለጠኑ፤ በ1952 በሆላንድ፣ በኖርድዌይክ ዐረፉ።

እርግጥ ነው፣ በእርሳቸው ዘመን አካል ጉዳተኛ ሕፃናት የሚማሩት ለብቻቸው ነበር። ከእኩዮቻቸው ጋር ይማሩ የሚለው አሳብ በብዙ መንግሥታት ፊት የታወጀው በ1994 በስፔን፣ በሳላማንካ በተደረገው ጉባኤ ነው። የሚያሳዝነው ግን በስማቸው ከሚጠሩት ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ ዛሬ መክፈል ለሚችሉ ቤተሰቦች ብቻ ክፍት መሆናቸው ነው። ድሀው ልጅና ለመማር የሚዘገየው ልጅ ለሌሎች መንገድ ከፍተው እነርሱ በደጅ ቀሩ።

እኛስ በየቁምስናችን ሕፃናትን ስንመዘግብ የመጡትን ብቻ እንቆጥራለን ወይስ ያልመጡትን እንጠይቃለን? የማትሰማ፣ የማያይ ወይም ዘግይቶ የሚናገር ልጅ እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ ጓዳ የሚገባበት ቤት በጎረቤታችን ይኖር ይሆናል። እንግዲህ መምህሩ የቤቱን ደጅ ያንኳኳ፣ እናቲቱን ያጽናና፣ ልጁንም እጁን ይዞ ከእኩዮቹ መካከል ያስቀምጥ። ይህን ስናደርግ የምንጠቅመው እርሱን ብቻ አይደለም፤ ለእርሱ ተብሎ የተዘጋጀው ትምህርት ለሁሉም እንደሚበጅ የሞንቴሶሪ ሕይወት አስተምሮናልና።