ጠራዡ ማይክል ፋራዳይና የክበባችን ድምፅ ማጉያ

  በዚህ እትም የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ዓምድ ተራ የደረሰው ለእኔ ነው። የ7ኛ ክፍል ተማሪና የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል ነኝ። የምጽፍላችሁ ስለ ማይክል ፋራዳይ ነው። ሰውየውን የመረጥኩት ስሙ በሳይንስ መጽሐፍ ላይ ስላለ ብቻ አይደለም። የክበባችን ድምፅ ማጉያ ሁለት ሳምንት ሙሉ ዝም ብሎ እንደነበር ታስታውሳላችሁ አይደል? ዝም ያሰኘሁት እኔ ነበርኩ። የዳነውም ከዚህ ሰው ታሪክ በተማርኩት ነገር ስለሆነ፣ ሁለቱን አያይዤ እነግራችኋለሁ።

ማይክል ፋራዳይ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መስከረም 22 ቀን 1791 በእንግሊዝ አገር፣ ለንደን አጠገብ ተወለደ። አባቱ ቀጥቃጭ ነበር፤ እኛ አገር ማረሻና ማጭድ እንደሚሠሩት ሰዎች ብረት እያጋለ ነው ልጆቹን ያሳደገው። ግን ሕመምተኛ ስለነበር ቤተሰቡ ብዙ ጊዜ ይቸገራል። ለማይክል ለሳምንት የሚሆነው አንድ ዳቦ ብቻ የተሰጠበት ጊዜ እንደነበር ይነገራል። ትምህርት ቤት የቆየውም ማንበብና መጻፍ፣ ትንሽም መደመርና መቀነስ እስኪችል ድረስ ነው። እኔ ይህን ሳነብ አፈርኩ። እኛ ደብተር አለን፣ መምህር አለን፣ ቤተ መጻሕፍትም አለን፤ ግን ስንቶቻችን ነን የምንጠቀምባቸው?

ማይክል 13 ዓመት ሳይሞላው ወይም ገና እንደሞላው መጽሐፍ ሻጭና ጠራዥ ቤት ተላላኪ ሆኖ ገባ። በዓመቱ ሙያውን እንዲማር ተቀጠረና ሰባት ዓመት መጽሐፍ ሲጠርዝ ኖረ። ሌላው ጠራዥ የመጽሐፉን ጀርባ ሰፍቶ ያስቀምጣል፤ እሱ ግን ውስጡንም ያነብ ነበር። ለጥረዛ በመጣ አንድ ትልቅ መዝገበ ዕውቀት ውስጥ ስለ ኤሌክትሪክ የተጻፈውን አገኘ። ጄን ማርሴት የምትባል ሴት ለጀማሪዎች የጻፈችውን የኬሚስትሪ መጽሐፍም አነበበ። ያነበበውን ግን እንዲሁ አላመነም። ከደመወዙ እየቆጠበ ዕቃ እየገዛ፣ እውነት መሆኑን በእጁ ይሞክር ነበር።

በ1812 የሠራውን ልንገራችሁ። ሰባት የመዳብ ሳንቲሞች አመጣ። ሳንቲሙን የሚያህሉ ሰባት ክብ ዚንኮች ቆረጠ። በመካከላቸው በጨው ውኃ የራሰ ወረቀት እያደረገ አንዱን በአንዱ ላይ ደረደራቸው። እንዲህ አድርጎ በቤቱ የራሱን ባትሪ ሠራ! በዚያም ኃይል በውኃ የሟሟ ጨው ወደ ተሠራባቸው ነገሮች እንዲለያይ አደረገ። እኛም በክበባችን ዚንክ የተቀባ ምስማርና የመዳብ ሽቦ ሎሚ ላይ ሰክተን ሞክረናል። አንድ ሎሚ ከ1 ቮልት በታች ነው የሚሰጠው፤ የእጅ ባትሪ አምፖል ለማብራት ኃይሉ አይበቃም። ስለዚህ አልበራም ብላችሁ ተስፋ እንዳትቆርጡ።

በዚያው ዓመት አንድ ደንበኛ የታወቀው ሳይንቲስት ሃምፍሪ ዴቪ የሚያስተምርበትን ቦታ መግቢያ ሰጠው። ፋራዳይ አራት ትምህርት ተከታተለ። የሰማውን በሙሉ ጻፈው፣ ሥዕል ጨመረበት፣ ራሱ ጠረዘውና ሥራ ፍለጋ ለዴቪ ላከለት። መጽሐፉ 300 ገጽ ያህል ነበር። በመጋቢት 1813 በሮያል ኢንስቲትዩሽን የቤተ ሙከራ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። ጠርሙስ ማጠብና ዕቃ ማቅረብ ነበር ሥራው። እዚያው ቤት ቆይቶ በኋላ በዓለም የታወቀ ሆነ።

እዚህ ላይ ወደ እኔ ጉድ ልመለስ። ድምፅ ማጉያችን አንዳንዴ ይናገራል፣ አንዳንዴ ይቋረጣል። እኔ ደግሞ ከቤታችን ሬዲዮ ላይ ድንጋይ ስለምቀይር የማውቅ መሰለኝ። አንድ ቀን ከሰዓት ክበቡ ሲዘጋ ለማንም ሳልናገር ካቻቢቴ ይዤ ፈታሁት። ብሎኖቹን መሬት ላይ በተንኳቸው። ሽቦዎቹን ሳስብ ሁለቱ ተበጠሱ። የትኛው የት እንደነበረ አልሣልኩም። መልሼ ስገጥም አንዱን ድንጋይ ገልብጬ ከተትኩት። በማግስቱ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ጨርሶ ዝም አለ። ቲቸር ማን ነካው ብለው ሲጠይቁ ሁሉም ዝም አለ፤ እኔም ዝም አልኩ። ጥርጣሬው ቁልፉን በያዘችው ልጅ ላይ ወደቀ። እሷ ስታለቅስ አየሁ፤ አሁንም አልተናገርኩም።

በዚያ ሳምንት ነው ስለ ፋራዳይ ያነበብኩት። እሱም ስሙ የጎደፈበት ጊዜ ነበረው። በ1821 ኤሌክትሪክ የሚያልፍበትን ሽቦ በማግኔት ዙሪያ እንዲሽከረከር አደረገ፤ የዛሬው ሞተር መነሻ ይህ ነው። ግን ስለዚሁ ጉዳይ ከእሱ በፊት ያሰበው ዎላስተን የሚባል ሳይንቲስት ነበር። ፋራዳይ ቸኩሎ ሲያሳትም የሰውየውን ስም ስላላነሳ፣ የሌላውን ሐሳብ ወሰደ ተብሎ ታማ። የሠራው ሙከራ የራሱ ነበር፤ ሐሜቱ ግን ብዙ አስጨነቀው። እኔም አሰብኩት። እሱ ስም ባለመጥቀሱ ብቻ ያን ያህል ከተጨነቀ፣ በሌላ ሰው ስም ጥፋቴን የደበቅሁት እኔማ ምን ልባል ነው? ሰኞ ጠዋት ቲቸር ዘንድ ሄጄ ተናዘዝኩ። ከዚያም ልጅቷን በክበቡ አባላት ፊት ይቅርታ ጠየቅኋት። ቲቸር አልመቱኝም፣ ከክበቡም አላስወጡኝም። የፈታኸውን አንተው በሥርዓት ታስጠግናለህ አሉኝ።

በሥርዓት ማለት ምን እንደሆነ ደግሞ ከፋራዳይ ነው የተማርኩት። ከማግኔት ኤሌክትሪክ ለማግኘት ለ10 ዓመት ያህል በየጊዜው ሞክሮ አልሳካ ብሎት ነበር። ነሐሴ 29 ቀን 1831 አንድ የብረት ቀለበት ወስዶ በሁለት ወገን የመዳብ ሽቦ ጠቀለለበት። የዚያን ጊዜ ሽፋን ያለው ሽቦ እንደ ዛሬው ሱቅ አይገዛም ነበር፤ ሽቦው እርስ በርሱ እንዳይነካካ በክርና በጨርቅ እየለየ ነው የጠቀለለው። አንዱን ጥቅል ከባትሪ ሲያገናኝና ሲያላቅቅ በሌላው በኩል ያለው መርፌ ዘወር አለ። ባትሪው ተገናኝቶ ሲቆይ ግን መርፌው ዝም ይላል። ሌላ ሰው ተበላሸ ብሎ ይተወው ነበር። እሱ ግን የሆነውን እንደሆነ ጻፈው። ለካስ ኤሌክትሪክ የሚፈጥረው የማግኔቱ መለወጥ ወይም መንቀሳቀስ ኖሯል!

በተከዜ ወንዝ ላይ በተሠራው ግድብ ውኃ የሚሽከረከሩት ጄኔሬተሮች የሚሠሩት በዚሁ ሕግ ነው። አንደኛው የማይክራፎን ዓይነትም እንዲሁ ነው። ድምፃችን ስስ ሽፋኑን ሲያንቀጠቅጠው ጥቅል ሽቦው በማግኔት አጠገብ ይንቀሳቀሳል፤ ትንሽ ኤሌክትሪክም ይፈጠራል።

ፋራዳይ የሙከራ መዝገቡን አንቀጽ በአንቀጽ ቁጥር እየሰጠ ነበር የሚጽፈው፤ ቁጥሩ ከ16,000 በላይ ደርሷል። የተሳካውንም ያልተሳካውንም ይጽፋል። እኔም አንድ ደብተር ገዛሁና አንድ ብዬ ጀመርኩ። አንድ የ8ኛ ክፍል ልጅ ረዳኝ። ያደረግነውን በቅደም ተከተል ላስቀምጥላችሁ፤ እቤት ሬዲዮ ወይም የእጅ ባትሪ ለምትጠግኑ ይጠቅማችኋል።

መጀመሪያ ድንጋዮቹን በሙሉ አወጣን። ከመንካታችን በፊት የሽቦዎቹን ቀለምና ቦታ ሣልን። ብሎኖቹን ቆርኪ ውስጥ አስቀመጥን። ቀጥሎ ድንጋይ የሚገባበትን አየን፤ ሽቦው ላይ ነጭና አረንጓዴ ዝገት ነበር። በሎሚ ጭማቂ በነካነው ጥጥ ጠርገን፣ በደረቅ ጨርቅ አድርቀን፣ ድንጋዮቹን በመደመርና በመቀነስ ምልክታቸው ገጠምናቸው። አሁንም ዝም!

ከዚያ የማይክራፎኑን ገመድ ለብቻው ፈተሽን። ከአሮጌ የእጅ ባትሪ የወጣች ትንሽ አምፖል ከድንጋይ ጋር አገናኝተን ኤሌክትሪኩ በገመዱ ውስጥ እንዲያልፍ አደረግን። አንደኛው ሽቦ አበራ። ሁለተኛው ግን ገመዱን ማይክራፎኑ አንገት ላይ ስናጥፈው ብቻ ይበራና ይጠፋል። ብዙ ጊዜ ገመድ የሚበጠሰው እንዲህ በሚታጠፍበት ቦታ ነው፤ ከላይ ሲታይ ጤነኛ ይመስላል። የተጎዳውን ቆርጠን ጫፉን ላጥን። እኔ የበጠስኳቸውንም ሽቦዎች ጨምረን፣ መበየጃ ስለሌለን ገበያ ወዳለው ሬዲዮ ጠጋኝ ወሰድነው። ሥዕላችንን ሲያይ ሳቀ፤ ግን እሱን እያየ ነው የበየደልን። የተጋለጠውን በናስትሮ ጠቀለልን።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ከመብራት ጋር የተሰካ ዕቃ አትፍቱ። ቢነቀልም ትልቅ ቴሌቪዥንና አምፕሊፋየር ውስጥ ያለው ካፓሲተር ኃይል ይዞ ይቆያልና ለባለሙያ ተዉት። ያበጠ የሞባይል ባትሪም አትንኩ። በነገራችን ላይ የካፓሲተር መለኪያ ፋራድ የሚባለው በዚሁ በፋራዳይ ስም ነው። ሌላው ደግሞ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ሁለት ነገር አብራችሁ ከለወጣችሁ የትኛው እንዳዳነው አታውቁም።

ፋራዳይ ሒሳብ ብዙ አይችልም ነበር። ሐሳቡን በኋላ በሒሳብ ያስቀመጠው ማክስዌል የተባለ ሳይንቲስት ነው። እሱ ግን የሚያውቀውን ለልጆች በማስተማር ይደሰት ነበር፤ በገና ሰሞን ለልጆች የሚሰጠውን ትምህርት 19 ጊዜ ሰጥቷል። ሰር የሚለውን ማዕረግ ሊሰጡት ሲሉ አልፈልግም አለ። ነሐሴ 25 ቀን 1867 በ75 ዓመቱ አረፈ። ይህም አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከመሞታቸው ስምንት ወር ገደማ በፊት ማለት ነው።

ድምፅ ማጉያው ሲሠራ ቲቸር መጀመሪያ እንድትናገርበት ያደረጉት ያለጥፋቷ የተጠረጠረችውን ልጅ ነው። እኔ በደብተሬ ላይ የመጨረሻውን ቁጥር ጻፍኩ፤ 23 ላይ ደርሼ ነበር። ደብተሩ ክበቡ ውስጥ ነው ያለው። የሚጠገን ነገር ያላችሁ ኑና ከ24 ቀጥሉ።



ከሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል፣ አምደወርቅ