አናሲሞስ ነሲብ፤ የተቀማውን ቋንቋ መልሶ የሰበሰበ ሰው

በአንድ ሰንበት ወደ አዳማ ወርደን ጓደኛችን ቤት በእንግድነት ተቀምጠን ነበር። የጓደኛችን አባት በወጣትነታቸው ከወለጋ መጥተው በወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሲሠሩ ኖረው በጡረታ ያረፉ ሽማግሌ ናቸው። ከራስጌያቸው የማይለይ፣ ጀርባው በቆዳ የተጠገነ አንድ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ አላቸው፤ የተጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነው። የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የልጅ ልጃቸው ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ የትምህርት ቤት መጽሐፍዋን ታነብ ነበር። የእርስዋም መጽሐፍ በኦሮምኛ ነው፤ ፊደሉ ግን ላቲን፣ ቁቤ የሚባለው ነው። ሽማግሌው የልጅቱን መጽሐፍ ማንበብ አይሆንላቸውም፤ ልጅቱም የሽማግሌውን። ሲነጋገሩ ግን በአንድ ቋንቋ ነው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈልቶ ሰው ሲሰበሰብ ክርክር ተነሣ። ከመጡት መካከል የምሕንድስና ተማሪዎችና በቅርቡ ወደ መቂና ወደ ባቱ የተመደቡ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ። አንደኛው ወገን የየብሔረሰቡን ተረትና እንቆቅልሽ፣ የዘር ቈጠራና ዘፈን በትምህርት ቤትና በዩኒቨርሲቲ ማጥናት ድልድይ አይሠራም፣ ወንዝም አይገድብም፤ ስለዚህ ለበዓል ቀን ማድመቂያ ይቆይ አለ። ሌላው ወገን በቁጣ ተነሣ፤ ይሁን እንጂ ከቁጣው በቀር ብዙ ማስረጃ አላመጣም። እኛም በዚያ ሰዓት የረባ ነገር አልተናገርንም። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንጽፈው ያን ጊዜ መናገር ያቃተንን ነው፤ ይኸውም በሽማግሌው ራስጌ ያለውን መጽሐፍ የተረጐመውን ሰው ሕይወት በመተረክ ይሆናል። መጻሕፍቱ የታተሙት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ስለ ሆነ፣ አንባቢ እንዳይደናገር የርሱን ዘመን በዚያው እንቈጥራለን።

ልጁ የተወለደው በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ ሁሩሙ በተባለው አገር አጠገብ ነው። ወላጆቹ ሂካ አሉት፤ የአባቱም ስም አዋጂ ነው። ሂካ ማለት በኦሮምኛ ፈቺ ማለት ነው። በአማርኛችን ገመድም፣ ሕልምም፣ ቅኔም እንደሚፈታ ሁሉ በኦሮምኛውም ይኸው አንድ ቃል ለቋጠሮና ለትርጉም ያገለግላል። ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚሉ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸው ይሆናል፤ እኛ ግን ልጁ በዚያ ስም ብዙ እንዳልተጠራበት እናስታውሳለን።

አባቱ የሞተበት ገና የአራት ዓመት ሕፃን ሳለ ነው። ከዚያ በኋላ የባሪያ ነጋዴዎች ከእናቱ ነጥቀው ወሰዱት። ከአንዱ ነጋዴ ወደ ሌላው ደጋግሞ እየተሸጠ፣ ከኢሉባቦር ጫካ እስከ ቀይ ባሕር ዳር ድረስ ተነዳ። በመንገዱ ሁሉ የሚሰማው ቋንቋ የእናቱ ቋንቋ አልነበረም። ሰው ከአገሩ ሲሰረቅ ጉልበቱ ብቻ እንደሚሰረቅ አድርገን መቍጠር ልማዳችን ነው፤ ቋንቋውም አብሮ እንደሚሰረቅ የምናስብ ጥቂቶች ነን። በ1870 ምጽዋ ሲደርስ ቬርነር ሙንዚንገር የተባለው የስዊስ ተወላጅ፣ በዚያን ጊዜ በወደቡ የፈረንሳይ ቆንስል የነበረው፣ ነጻ አወጣውና በዚያ ለነበሩት የስዊድን ሚሲዮናውያን ሰጠው። በ1872 በፋሲካ ዕለት ተጠመቀ፤ ስሙም አናሲሞስ ተባለ። ይህም ስም ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት የሚገኘው የባሪያው ስም ነው።

ትምህርት በቶሎ የሚገባው ልጅ ስለ ነበረ ወደ ስዊድን ተልኮ በዮሃኔሉንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተማረና መምህር ሆኖ ተመለሰ። የሄደበት አውሮፓ የገበሬውን ተረት ማክበር የጀመረ አውሮፓ ነበር። በጀርመን የግሪም ወንድማማቾች የተረት መጽሐፋቸውን ማሳተም የጀመሩት በ1812 ነው፤ በስዊድን ጐረቤት በፊንላንድም ኤሊያስ ሎንሮት የተባለው ሐኪም ከባላገሮች አፍ የለቀመውን ግጥም በ1835 ካሌቫላ ብሎ አሳትሞ፣ የተናቀው የፊንላንድ ቋንቋ የትምህርትና የሥነ ጽሑፍ ቋንቋ ለመሆን መንገድ ከፍቶለት ነበር።

አናሲሞስ ከተመለሰ በኋላ ምሕረት ኃይሉን አገባ። ከዚያ ወዲህ አሳቡ ሁሉ ወደ አገሩ መግባት ሆነ። በመጀመሪያ በሱዳን በኩል ዞሮ ቢሄድ ከጠረፉ ማለፍ ሳይችል ቀርቶ በ1882 ወደ ካርቱም ተመለሰ፤ ንዳድም ያዘው። በ1886 በሸዋ በኩል ቢሞክር እንጦጦ ደርሶ ወደ ፊት እንዳይሄድ ተከለከለ። በእግሩ መግባት ያልሆነለት ሰው እንግዲህ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ተቀምጦ በመጽሐፍ ለመግባት ቈረጠ።

ስለ ኦሮሞ ቋንቋ በመጻፍ አናሲሞስ የመጀመሪያው አይደለም። ካርል ቱትሼክ የተባለው ጀርመናዊ ወደ ባቫሪያ ከተወሰዱ ኦሮሞ ወጣቶች አፍ ቃል እየለቀመ ያዘጋጀው መዝገበ ቃላት በ1844 በሙኒክ ታትሟል። ሚሲዮናዊው ክራፕፍ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በሸዋ ተቀምጦ ቋንቋውን አጥንቷል፤ በኋላም የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ የጻፉት አለቃ ዘነብ ወደ ኦሮምኛ የተረጐሙት አዲስ ኪዳን በርሱ አራሚነት በ1876 ወጥቷል። ከነዚህ ውስጥ አንዱም ለኦሮሞ ሕፃን የመጀመሪያ ማንበቢያ እንዲሆን የታሰበ አልነበረም። መዝገበ ቃላቱ የተጻፈው ለአውሮፓ ሊቃውንት ነው፤ ቃሉን የሰጡትም ወጣቶች መጽሐፉን ያነብቡታል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

አናሲሞስ ብዕሩን ሲያነሣ ያጋጠመው ችግር ግን ሌላ ነበር፤ የዚህ ጽሑፍ ልብም እዚህ ላይ ነው። ሰውየው ስዊድንኛ ያውቃል፤ መጽሐፍ ቅዱስንም ጠንቅቆ ያውቃል። የሚተረጕምበትን የገዛ ራሱን ቋንቋ ግን በልጅነቱ ስለ ተነጠቀ እንደሚገባ አያውቀውም። ለዕለት ንግግር የሚበቃ ኦሮምኛ አለው፤ የሽማግሌ ምሳሌ፣ የሸንጎ አነጋገር፣ የሴቶች የወፍጮና የልጅ ማባበያ ዘፈን የሚያስተምረው ግን ቤትና ጎረቤት ነው፤ እርሱ ደግሞ ቤት አልነበረውም። ይህን ጉድለት የሚሞላ መዝገበ ቃላት ከሙኒክ ሊመጣ አይችልም።

ጉድለቱን የሞላችው አስቴር ጋኖ የተባለች ወጣት ናት። አስቴር የተወለደችው በ1872 ገደማ ነው። በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ በባርነት ወድቃ፣ በኋላም ወደ ዐረብ አገር ልትሸጥ በባሕር ስትወሰድ የኢጣልያ መርከቦች ጀልባዋን ይዘው በ1886 ነጻ አወጧት፤ ከዚያም በእምኩሉ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ገባች። ጽሕፈት ስትማር በራስዋ ውስጥ ይዛው የመጣችው ሀብት ታወቀ። ወደ 500 የሚሆኑ እንቆቅልሾች፣ ተረቶች፣ ምሳሌዎችና ዘፈኖች በእጅዋ ጻፈች። ነጋዴዎቹ ልብስዋንና ወላጆችዋን ሲወስዱባት ይህን ሳያዩት ቀርተው ነበር። ከአናሲሞስም ጋር ሆና የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጀች፤ አዲስ ኪዳኑም በዚያ መዝገብ እየታረመ በ1893 በእምኩሉ ታተመ።

በ1894 ደግሞ ጀልቀባ በርሲሳ፣ ማለት የማስተማር መጀመሪያ፣ የተባለው የንባብ መጽሐፍ ወጣ። ውስጡ በአብዛኛው አስቴር ያጠራቀመችው ነው። በዚያን ዘመን በአገራችን ሕፃን ፊደል ከቈጠረ በኋላ የሚገባው ወደ መልእክተ ዮሐንስና ወደ ዳዊት፣ ያውም በማያውቀው በግዕዝ እንደ ነበረ አንባብያን ያስታውሱ። ያንን ትምህርት አናቃልልም፤ ብዙ ሊቃውንት ወጥተውበታል። ነገር ግን ሕፃኑ በእሳት ዳር የሰማውን እንቆቅልሽ በወረቀት ላይ ሲያገኝ፣ ፊደል ማለት የራሱ አፍ ሥዕል መሆኑን በአንድ ቀን ይረዳል። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ በሮም የታተመው በ1908 ነው። የአስቴር ተረቶች ከዚያ 14 ዓመት ይቀድማሉ። የሥነ ጽሑፋችንን ታሪክ ስንቈጥር ይህን ዓመት ብዙ ጊዜ እንዘልለዋለን፤ ስንጠቅሰውም የአናሲሞስን ስም ጠርተን የአስቴርን ለግርጌ ማስታወሻ እንተዋለን። ይህ ደግሞ ተገቢ አይመስለንም።

መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በስዊስ አገር፣ በቅድስት ክሪሾና ታተመ። የግዕዝ ፊደል ለኦሮምኛ ልክ የተሰፋ ልብስ አልነበረም። የሚጠብቀውና የሚላላው ድምፅ በጽሕፈት አይለይም፤ እኛ ገና ብለን ስንጽፍ በዓሉ ይሁን ጊዜው ያልደረሰ ነገር ይሁን አንባቢ ከአገባቡ እንደሚገምት ማለት ነው። ኦሮምኛ ግን አናባቢውንም እያሳጠረና እያስረዘመ ቃል ከቃል ስለሚለይ ግምቱ ይበዛል። በሽማግሌው መጽሐፍ ላይ ይህን አይተነዋል፤ ቋንቋውን ለሚያውቅ ያስኬዳል፣ ለሚማር ያደናቅፋል።

አናሲሞስ አገሩን የረገጠው በ1904 ነው። ከአስቴርና ከሌሎች ጓደኞቹ ጋር ወደ ወለጋ ገባ፤ የነቀምቴው ገዢ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በመጀመሪያ ስማቸው ኩምሳ ሞረዳ፣ በደስታ ተቀበሉት። በነቀምቴ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በኦሮምኛም ይስተማር ጀመር። ይህ የሆነው በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ ከአራት ዓመት በፊት ነው።

ነገር ግን ሰላም አላገኘም። ካህናቱ እመቤታችንን ይሳደባል ብለው ከሰሱት፤ በ1906 በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀርቦ እንዲሰደድ ተፈረደበት። ዐፄ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው ወደ ነቀምቴ እንዲመለስና እንዳይሰብክ አዘዙ። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት ሥራው ማስተማር ብቻ ሆነ። በ1916 ልጅ ኢያሱ እንዲሰብክ ፈቀዱለት፤ እርሳቸው ከዙፋን ቢወርዱም ፈቃዱ አልተሻረም። በሃይማኖቱ ክርክር እኛ አንገባም። የምናስተውለው ግን መስበክ በተከለከለበት ዘመን የንባብ መጽሐፉ መማሪያነቱ እንዳልተቋረጠ ነው። ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር በነቀምቴ ዐረፈ። አስቴር ከርሱ በኋላ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖራለች።

የመጽሐፉ ዕድል ከዚያ ወዲህ የሚያሳዝን ነው። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ የትምህርት ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን ስላዘዘ፣ በኦሮምኛ የታተመው ነገር ከትምህርት ቤት ወጥቶ በየቤቱ ራስጌ ገባ። በሪሳ የተባለው የኦሮምኛ ጋዜጣ በ1960ዎቹ መጨረሻ በግዕዝ ፊደል መታተም ጀመረ። በ1984 ዓ.ም. ደግሞ ቁቤ ተመረጠ፤ ኦሮምኛም በአዳማም፣ በሞጆም፣ በሻሸመኔም የትምህርት ቋንቋ ሆነ። ቁቤ የሚጠብቀውን በድርብ ተነባቢ፣ የሚረዝመውን በድርብ አናባቢ ስለሚያሳይ የተመረጠበት ምክንያት ይገባናል። የአናሲሞስና የአስቴር ሥራ ግን ከነፊደሉ ከበር ውጭ ቀረ። በዚያ የቡና ክርክር ላይ ስለ ብሔረሰቡ ባህል በቁጣ የተናገሩት ተማሪዎች የአናሲሞስን ስም ያውቁ ነበር፤ ከአስቴር ተረቶች አንዱን ያነበበ ግን አልነበረም። ለአፍ ጥናት ክብር እየጠየቁ የተጠናውን አለማንበብ ተቃዋሚውን የሚረታ ክርክር አይደለም።

የምሕንድስናው ተማሪ ያነሣውን ድልድይ እኛም አልረሳነውም። በመቂ የተመደበ ወጣት ሹም ገበሬውን ጎርፉ እስከ የት እንደሚደርስ፣ ውሃው የማን ከብት መጠጫ እንደ ሆነ መጠየቅ አለበት። መልሱ ብዙውን ጊዜ በምሳሌ ይመጣል፤ ምሳሌውንም ያልተማረ ሹም በትሕትና ራሱን ነቅንቆ ባዶውን ይመለሳል። ኤንሪኮ ቼሩሊ የተባለው ኢጣልያዊ ሊቅ የኦሮሞን ዘፈኖችና ሥነ ቃል ሰብስቦ በ1922 በአሜሪካ፣ በሃርቫርድ አሳትሟል። በርእሱ ላይ ያለው የሕዝቡ ስያሜ ዛሬ የማንጠራው ነው፤ ስብስቡ ግን እስካሁን ይጠቀሳል። የሩቁ ዩኒቨርሲቲ ለጥናት ይበቃል ያለውን የቅርቡ ተማሪ ለበዓል ማድመቂያ ይቆይ ሲለው ነገሩ ይገርማል።

ክርክሩ ሳይቋጭ መሸና ሰው ተበተነ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው እንደ ልማዳቸው መጽሐፉን ከፍተው ጮክ ብለው ያነቡ ጀመር። ልጅቱ ደብተርዋን ይዛ ቀረበች። በአዳማ አነጋገር ያልለመደችውን አንድ ቃል ስትሰማ አስቆመቻቸውና ጠየቀች፤ እርሳቸውም ፈቱላት፤ እርስዋም ቃሉን በቁቤ ጻፈችው። ከጥቂት ገጽ በኋላ ሌላ ቃል ጠየቀች። እኛም የመጨረሻው መኪና እንዳያመልጠን ተሰናብተን ወደ መናኸሪያው ወረድን።