የሰውነትን እሳት በሚዛን የለካው ሊቅ

ሰው ለምን ይበላል ተብሎ ቢጠየቅ ሁሉም ለመኖር ነው ብሎ ይመልሳል። ነገር ግን የበላነው ምግብ በሰውነታችን ውስጥ ምን ይሆናል? ቁጭ ብሎ የሚውለውና ሸክም ሲያነሣ የሚውለው ሰውስ እኩል ምግብ ይበቃቸዋልን? ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ ያን ያህል ቀላል አይደለም። ይህን ጥያቄ በግምት ሳይሆን በሚዛንና በቁጥር ለመመለስ ታላቁን ርምጃ የተራመደው አንቷን ሎራን ላቯዚዬ የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ ነው። ተማሪዎቻችን ስሙን የሚያውቁት በኬሚስትሪ ትምህርት ነው። እኛ ዛሬ የምንተርከው ግን ስለ ሰው ጤና ያደረገውን ምርመራና አሳዛኝ የሆነውን አሟሟቱን ነው። ዘመናቱን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢያችን ይወቅልን።

ላቯዚዬ ኦገስት 26 ቀን 1743 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ ከባለጸጋ ቤተ ሰብ ተወለደ። እናቱ የሞተችበት ገና የአምስት ዓመት ልጅ ሳለ ነበር። አባቱ የሕግ ዐዋቂ ስለ ነበረ እርሱም ሕግ ተምሮ በ1764 ዓ.ም. ማዕርጉን ተቀበለ። ይሁን እንጂ ልቡ ያደላው ወደ ሳይንስ ነበርና በ1768 ዓ.ም.፣ ኻያ አምስት ዓመት ሳይሞላው፣ የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አባል ለመሆን በቃ።

በዚያው ዓመት ሌላም ነገር አደረገ። በዚያ ዘመን የፈረንሳይ ንጉሥ የጨውን፣ የትምባሆንና ወደ ፓሪስ የሚገባውን ዕቃ ቀረጥ በራሱ ሹማምንት አያስሰበስብም ነበር። ባለጸጎች ማኅበር አቁመው ለመንግሥት የተወሰነ ገንዘብ ይከፍሉና፣ ቀረጡን ከሕዝብ ሰብስበው ትርፉን ለራሳቸው ያደርጉ ነበር። ላቯዚዬም በዚህ ማኅበር ውስጥ ድርሻ ገዛ። ከዚያ ያገኘው ገቢ ለምርመራው የሚያስፈልገውን ውድ መሣሪያ ሁሉ አስገኘለት፤ በኋላ ግን ለሞት አበቃው።

በ1771 ዓ.ም. የማኅበሩን ባልደረባ የፖልዝን ልጅ፣ ማሪ አንን አገባ። በሠርጓ ጊዜ ዕድሜዋ 13 ዓመት ብቻ ነበር። ይህች ሴት አድጋ ለባሏ ታላቅ የሥራ ረዳት ሆነች። እንግሊዝኛ ተምራ የውጭ አገር ሊቃውንትን ጽሑፍ ትተረጕምለት፣ የምርመራውን ውጤት በመዝገብ ትጽፍለት፣ መሣሪያዎቹንም በሥዕል ትነድፍለት ነበር።

ላቯዚዬ በ1775 ዓ.ም. የመንግሥት ባሩድ ሥራ ከሚመሩት ሹማምንት አንዱ ሆኖ ተሾመ። ቀኑን በመንግሥትና በቀረጥ ሥራ ይውል ስለ ነበረ ለሳይንስ የቀረው ጊዜ ጥቂት ነው። ስለዚህ ጧት ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ማታም ከ1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት በመመርመሪያ ክፍሉ ይሠራ ነበር። ከሳምንቱም አንዱን ቀን ሙሉ ለምርመራ ለይቶ አኖረ። ሥራ በዛብን ብለው መጽሐፍ መግለጥ ለተዉ ወጣት ሹማምንት ይህ ልማድ ጥሩ ትምህርት ይመስለናል።

በዚያ ዘመን ከቀድሞ ሊቃውንት ሲወርድ ሲዋረድ በመጣ ትምህርት፣ ሰው የሚተነፍሰው የልቡን ሙቀት ለማብረድ ነው የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። ላቯዚዬ ግን አንድ ነገር ሲቃጠል ከአየር ውስጥ ኦክሲጅንን እንደሚወስድ ደርሶበት ነበርና፣ ትንፋሽም እንዲሁ ቃጠሎ እንዳይሆን ጠረጠረ። በ1782 ዓ.ም. መጨረሻ በገባው ክረምት ላፕላስ ከተባለው የሒሳብ ሊቅ ጋር ሆኖ ዙሪያውን በበረዶ የተሞላ ዕቃ አሠራ። በውስጡም ጊኒ ፒግ የምትባለውን ትንሽ እንስሳ አስገብተው፣ ከሰውነትዋ የሚወጣው ሙቀት ምን ያህል በረዶ እንደሚያቀልጥ ውሃውን እየሰበሰቡ መዘኑ። ከዚያም በትንፋሽዋ የምታወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለክተው፣ ያንኑ ያህል ጋዝ የሚያወጣ ከሰል ሲቃጠል ከሚሰጠው ሙቀት ጋር አስተያዩት። ጥቂት ልዩነት ቢኖርም ሁለቱ ተቀራራቢ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ የእንስሳ ሙቀት እንደ ሻማ ነበልባል ሳያበራ በዝግታ ከሚነድድ ቃጠሎ የሚመጣ መሆኑ ታወቀ። ማገዶውም ምግብ ነው።

ቀጥሎ ተራው የሰው ሆነ። ከ1789 ዓ.ም. ጀምሮ አርማን ሴጋን የተባለው ወጣት ረዳቱ ራሱን ለምርመራ ሰጠ። ፊቱ ላይ ጭምብል አጥልቆ ሲተነፍስ በየሰዓቱ የሚወስደው ኦክሲጅን ይለካ ነበር። ማሪ አን በጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጣ ስትጽፍ የሚያሳየው፣ ራስዋ የነደፈችው ሥዕል እስከ ዛሬ አለ።

የተገኘው ቍጥር በጥሞና ሊታይ የሚገባው ነው። ሴጋን ሳይበላ በሙቅ ክፍል ውስጥ ዐርፎ ሲቀመጥ የወሰደው ኦክሲጅን በሰዓት 24 ሊትር ያህል ነበረ። ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ወደ 27 ሊትር ገደማ ከፍ አለ። ምግብ በልቶ ሆዱ ሲፈጭ 38 ሊትር ያህል ደረሰ። በባዶ ሆዱ ክብደት እያነሣ ሲሠራ 63፣ በልቶ ሲሠራ ደግሞ 91 ሊትር ያህል ሆነ። የመጨረሻው ከመጀመሪያው አራት እጥፍ ለመሆን ጥቂት ቀርቶታል። በሥራው ጊዜ ትንፋሹና የልቡ ትርታ ቢፈጥንም የሰውነቱ ሙቀት አልተለወጠም ለማለት ይቻላል። ላቯዚዬም ላብን በመመርመር፣ ትርፉ ሙቀት በላብ አማካይነት እንደሚወጣ ተረዳ። በዚህ ምክንያት ሰውነትን ሦስት ነገሮች ሚዛኑን እንደሚጠብቁለት አስተማረ፤ እነርሱም ማገዶውን የሚያቃጥለው ትንፋሽ፣ ሙቀቱን የሚያበርደው ላብ፣ የጠፋውን የሚተካው የምግብ መፈጨት ናቸው።

ይህ የሰውነት ገቢና ወጪ የቀረጥ ሹሙን ላቯዚዬን ወደ ሌላ ሐሳብ መራው። በጕልበቱ የሚያድር ድኻ ከሁሉ የበለጠ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ከሁሉ የበለጠ መብላት ይገባዋል። የሚያገኘው ምግብ ግን ከሁሉ ያነሰ ነው። ሥራ የሌለው ባለጸጋ ደግሞ ሰውነቱ የማይፈልገውን ምግብ ያተርፋል። ላቯዚዬ ይህ መዛባት የተፈጥሮ ሕግ ሳይሆን የሰው አስተዳደር ያመጣው መሆኑን በዚያው የሳይንስ ጽሑፉ ገልጦ፣ መልካም ሕግ ሊያቃናው እንደሚችል ተስፋ አደረገ። በ1788 ዓ.ም. ረኃብ በሆነ ጊዜም ለብሏ ከተማ እህል መግዣ ያለ ወለድ ገንዘብ አበድሯል።

ይሁን እንጂ ይህንኑ የጻፈው ሰው ከድኻው ጨው ላይ ቀረጥ የሚሰበስበው ማኅበር ባለድርሻ ነበረ። ቀረጥ ሳይከፈል ዕቃ እንዳይገባ ፓሪስ በቅጥርና በኬላ እንድትከበብ ሐሳቡን ያቀረበውም እርሱ ነው። ሕዝቡ ቅጥሩን እጅግ ጠላው። አብዮት ከተነሣ በኋላ ማኅበሩ በ1791 ዓ.ም. ፈረሰ፤ የሳይንስ አካዳሚውም በ1793 ዓ.ም. ተዘጋ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ላቯዚዬ ከባልደረቦቹ ጋር ታሰረ። ሜይ 8 ቀን 1794 ዓ.ም. ፍርድ ቤት ቀርቦ ተፈረደበትና፣ በዚያው ቀን ጊሎቲን በሚባለው አንገት መቍረጫ መኪና ከ27 ባልደረቦቹ ጋር ተገደለ። ዕድሜው 50 ዓመት ነበር። ማሪ አን በአንድ ቀን ባሏንና አባቷን አጣች። ሁለት ዓመት ሳይሞላ መንግሥት የተወረሰውን ንብረት መለሰላት፤ እርስዋም የባሏን ጽሑፎች ሰብስባ አሳተመች፤ በ1836 ዓ.ም. ሞተች።

ላቯዚዬ የሳተው ነገርም አለ። ቃጠሎው የሚደረገው በሳንባ ውስጥ መስሎት ነበር፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት ሊቃውንት ግን በመላው ሰውነት፣ በየሕዋሱ ውስጥ መሆኑን አረጋገጡ። ይህንንም ሥራ ሜታቦሊዝም ብለው ይጠሩታል። ደግሞም የደራሲና የተናጋሪ የአእምሮ ድካም እንደ ጕልበት ሥራ ሊለካ ይችል ይሆናል ብሎ አስቦ ነበር። ሲለካ ግን ማሰብ የሚጨምረው ቃጠሎ እጅግ ጥቂት ሆኖ ተገኘ። ተማሪው ለፈተና ሲያጠና ቢያመሽ፣ ጸሐፊውም ፋይል ሲያገላብጥ ቢውል፣ ድካሙ እውነት ነው፤ የሰውነቱ ማገዶ ግን አልነደደም።

በዛሬው ስሌት ሰውነት አንድ ሊትር ኦክሲጅን ሲጠቀም ወደ 5 ኪሎ ካሎሪ የሚጠጋ ኀይል ይሰጣል። እንግዲህ የሴጋን 24 ሊትር 120 ኪሎ ካሎሪ ያህል፣ 63 ሊትሩም 315 ኪሎ ካሎሪ ያህል መሆኑ ነው። ከወጪው የበለጠ ምግብ የሚበላ ሰው ትርፉ በስብ መልክ ይከማችበታል፤ ከወጪው ያነሰ የሚበላውም ከራሱ ሥጋ እየቀነሰ ይከሳል። ተቀምጦ የሚውል ሰው በቀን ከሚያቃጥለው ከግማሽ የሚበልጠው በዕረፍት ላይ ሳለ የሚነድደው ስለ ሆነ፣ አንድ ሰዓት ሮጦ እንዳሻው መብላት ሚዛኑን አያስተካክልም። ያም ቢሆን እንቅስቃሴ ልብን ያጠነክራል፤ ጡንቻም ስኳርን ከደም እየወሰደ እንዲጠቀም በማድረግ ከስኳር በሽታ ለመጠበቅ ይረዳል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ ጎልማሶች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ፈጠን ብሎ እንደ መራመድ ያለ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ መክሯል።

ከላቯዚዬ ሕይወት ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው በወንበር ላይ የሚውል ሰው የምግቡን መጠን ከሥራው ጋር እያስተያየ መብላት፣ እግሩንም ማሠራት እንደሚገባው ነው። ሁለተኛው ይልቁንም ለወጣት ሹማምንት ነው፤ ደመወዝና ቀረጥ በሚወሰንበት ወረቀት ላይ የሚጻፈው ቍጥር ሁሉ በመጨረሻ የአንድ ሠራተኛ ማዕድ ላይ ይደርሳል። ላቯዚዬ ያንን ማዕድ በሳይንስ ዐይን አይቶ ጕድለቱን አውቆ ነበር፤ ኑሮው ግን ከዕውቀቱ ጋር ሳይስማማ ቀረ።