ያልተጠበቁት ወራሽ

በቴአትር ቤት ሕዝቡ ሊያየው የመጣው ዋና ተዋናይ ቀርቶ ምትኩ ወደ መድረክ ሲወጣ፣ አዳራሹ አስቀድሞ ያጉረመርማል። በዙፋንም ቢሆን ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። የሸዋው ገዢ ወሰን ሰገድ እ.ኤ.አ. በ1813 ገደማ በተገደሉ ጊዜ አልጋው የሚጠበቀው ለታላቁ ልጃቸው ለበኩሬ ነበር። ነገር ግን በኩሬ ከመርሐ ቤቴ ተነሥተው ቁንዲ እስኪደርሱ፣ ወጣቱ ታናሽ ወንድማቸው ሣህለ ሥላሴ በመንዝ ዘመዶቻቸው ድጋፍ መርዕድ አዝማችነቱን ይዘው ቆዩ። በኩሬም በጎንቾ ታሰሩ።

ዘመድ አልጋ ላይ ያወጣል፤ የሕዝብን ልብ ግን አይሰጥም። ሣህለ ሥላሴ የሕዝቡን ፍቅር ያተረፉት፣ ድርቅና ረሃብ አገሩን በመታ ጊዜ የመንግሥቱን ጎተራ ከፍተው ችግረኛውን በመመገባቸው ነው። ከዚያ ወዲያ ምትክነታቸው ተረሳ። የንጉሥነትን ማዕረግ ይዘው፣ አንኮበርንና አንጎለላን መቀመጫ አድርገው፣ እስካረፉበት እስከ እ.ኤ.አ. 1847 ገዙ። አልጋው ለልጃቸው ለኃይለ መለኮት፣ ቆይቶም ለልጅ ልጃቸው ለዳግማዊ ምኒልክ ተላለፈ።

ምትኩን የቦታው ባለቤት ያደረገው ሥራው ነው፤ የጎንቾው እስር ግን ከታሪካቸው አይፋቅም።